መስቀል በጥር የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። እናቴ የዶርዜ ልጅ ናት። መስቀልን አገሯ ሄዳ ካከበረች ሃያ ሁለት ዓመት አለፋት። ዘንድሮ እቁብ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የታሰበችኝ እሷ ናት። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ለበዓሉ የሦስት ቀን ጉዞ አዘጋጅቶ ነበር። መኪና፣ አልጋ፣ ምግብ፣ ጫሞ ላይ ጀልባ፣ ከዚያ ዶርዜ። ለሁለታችን 19,000 ብር ከፈልኩ። እናቴ ቡና ገዛች፤ ለታላቅ እህቷ የምትወስደውን ቀሚስ አሰፋችኝ።

ጠዋት 12 ሰዓት ልንነሳ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ በስልኬ መልእክት ገባ። «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ጉዞው ተሰርዟል።»

ሲነጋ ቢሯቸው ሄድኩ። ያገኘሁት ልጅ ትሑት ነው። «እህቴ፣ ነዳጅ ጠፋ፤ በጥቁር ገበያ ገዝተን አያዋጣንም» አለኝ። ገንዘቤስ? ስለው ደረሰኙን ገልብጦ አሳየኝ። በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ ጉዞው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ቢሰረዝ ገንዘብ አይመለስም፣ በሌላ ጉዞ ይካካሳል። ከሥሩ ደግሞ፦ ተጓዡ በማንኛውም ምክንያት ቢቀር ገንዘቡ አይመለስም፣ አይካካስም። የጥር ጉዞ አለን አለኝ። መስቀል ግን በጥር የለም።

ከዚያ በቀጥታ መናኸሪያ ሄድኩ። የአርባ ምንጭ መኪና እየጫነ ነው። ረዳቱ «አርባ ምንጭ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። ዋጋው ጨምሯል እንጂ መንገዱ አልተዘጋም። እናቴን ይዤ እንዳልሳፈር እጄ ላይ የቀረ ብር አልነበረም።

ጠበቃ የሆነች ደንበኛ አለችኝ። ለልኬት ስትመጣ ነገርኳት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አዋሰችኝ። የ1952ቱ ሕግ ነው። አንቀጽ 1792ን ደጋግሜ አነበብኩት። ከአቅም በላይ የሚባለው ባለዕዳው፣ ማለትም ግዴታ የገባው ወገን፣ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው፣ ግዴታውንም እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደው ነገር ነው። ሥራውን ውድ ወይም ከባድ ያደረገ ብቻ አይቆጠርም። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ የመሬት መንቀጥቀጥን፣ መብረቅን፣ ጎርፍን፣ ጦርነትን፣ የመንግሥት ክልከላን ይጠቅሳል። የባለዕዳው ሞትና ያልታሰበ ከባድ ሕመምም አብረው ተጽፈዋል። «አያዋጣንም» የሚል ቃል ግን እዚያ አላየሁም።

እሺ፣ በእውነት ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ነበር እንበል። ያኔ ድርጅቱ አላጠፋም። እኔስ ምን አጠፋሁ? ማንም ባላጠፋው ነገር ጉዳቱ ሁሉ በተጓዡ ላይ ለምን ይወድቃል? ይኸው ሕግ በአንቀጽ 1815 ውል ሲፈርስ ሁለቱም ወገኖች በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመለሱ ይላል። ጠበቃዋ እንደነገረችኝ የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2015 ባወጣው የጥቅል ጉዞ መመሪያ፣ እንዲህ ባለ ምክንያት ጉዞ ከተሰረዘ አዘጋጁ ካሳ አይጠየቅም፤ የተከፈለውን ግን በ14 ቀን ውስጥ ይመልሳል።

ድርጅቶቹ ይክሰሩ አልልም። እኔም ነጋዴ ነኝ። ለሆቴል ቀብድ ከፍለው ከሆነ ደረሰኙን ያሳዩንና ድርሻችንን ይቁረጡ። ያልተነዳ መኪና፣ ያልተበላ ምግብ ግን ምን ወጪ አለው?

እናቴ ስኳር አለባት። በዚያች ሌሊት ሆስፒታል ብትገባ ኖሮ ብሩ በዚያው ቀልጦ ይቀር ነበር፤ የጥር ጉዞ እንኳ አይሰጠንም። ለድርጅቱ ከአቅም በላይ የሚሆን ነገር ካለ ለተጓዡም አለ። ቃሉ ለሁለታችንም እኩል ይጻፍልን።

የንግድ ቢሮና የቱሪዝም ቢሮ ኃላፊዎች እንዲህ ያሉ ደረሰኞችን ጀርባቸውን ገልብጠው እንዲያዩልን እለምናለሁ። የእኔን ማየት ለሚፈልግ ሱቄ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።

የልብስ ስፌት ባለሙያ
ከሐዋሳ