ክረምቱ ያናጋውን የቃኘው ዘማቾች መታሰቢያ ዳግም ላቆማችሁልን ሁሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ በየካ ተራራ ግርጌ ከኮተቤ አለፍ ብሎ በሚገኘው መንደራችን የቆመው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ፣ ባለፈው ክረምት በደረሰበት ጉዳት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ጥገናው ተጠናቅቆ ዳግም ለጎብኚ ተከፍቷል። ሥራውን በገንዘባችሁ፣ በጉልበታችሁ፣ በሙያችሁና በጸሎታችሁ ለደገፋችሁ ሁሉ፣ የዘማቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ባቋቋምነውና መታሰቢያውን በሚያስተዳድረው በጎ አድራጎት ማኅበር ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን።

ጉዳዩን ከቅርብ ለማያውቁ ወገኖች ጥቂት ማስረዳት ተገቢ ነው። መታሰቢያው የቆመላቸው ሰዎች፣ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከክቡር ዘበኛ ተመርጠው፣ የኮሪያን ተራራማ ምድር በሚመስል ስፍራ ሠልጥነው፣ በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ እስከ ፑሳን ተጉዘው በቃኘው ሻለቃ ስም የዘመቱ፣ በየጊዜውም እየተተኩ የሄዱ ወታደሮች ናቸው። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው፣ የተኩስ አቁም ስምምነቱ እስከተፈረመበት እስከ ሐምሌ 1945 ዓ.ም. ድረስ ሲዋጉ ከ120 በላይ የሚሆኑት ወድቀዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ በጠላት የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። በጦርነቱ የወደቁት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መካነ መቃብር አላቸው፤ በአፍንጮ በርም የጋራ ሐውልት አላቸው፤ በኮሪያ ቹንቾን ከተማ ደግሞ በ1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀ ሐውልት ቆሞላቸዋል።

የእኛ መታሰቢያ ትንሽ ነው፤ ዓላማውም ይለያል። በእሱ ላይ ስማቸው የተቀረጸው በሕይወት ተመልሰው በመካከላችን የኖሩት ናቸው፤ ከጦሩ ከተሰናበቱ በኋላ ማረሻ ጨብጠው፣ መኪና ነድተው፣ በሰው ግቢ ዘበኛ ሆነው ልጆች ያሳደጉ፣ ሜዳልያቸውን በሣጥን ቆልፈው ያስቀመጡ የመንደራችን አባቶች። በደርግ ዘመን፣ መንግሥት እነርሱ ከዘመቱባት ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀበት ወቅት፣ ታሪካቸውን በአደባባይ ማውራት የማይመች ነበርና ብዙዎቻችን የአባታችንን ዘመቻ ያወቅነው ዘግይተን ነው። እነዚህ ሰዎች በጦር ሜዳ ስላልሞቱ በወደቁት ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ ስማቸውን የምናኖርበት ቦታ ካላበጀን ማንም አያበጅላቸውም በሚል ነው ማኅበሩን የመሠረትነው።

ጉዳቱ እንዲህ ደረሰ። ቦታው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ያለበት ነው፤ ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በላዩ ያረፈውንም ግንብ ይዞት ይንቀሳቀሳል። መታሰቢያው መጀመሪያ ሲሠራ ከመሠረቱ ሥር አፈሩ ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ ተተክቶ ስለነበር ለዓመታት አልተነቃነቀም። ነገር ግን ከበላያችን ግንባታ ይሠራ የነበረ አካል የቆፈረውን አፈር በውኃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ስለደፋው፣ ከተራራው የወረደው ጎርፍ መንገድ አጥቶ ወደ መታሰቢያው ግቢ ዞረ፤ የድጋፍ ግንቡን ሥሩን ቦርቡሮ ጣለው፤ ስሞቹ የተጻፉበት የእብነ በረድ ሰሌዳም ከመካከሉ ተሰነጠቀ።

በዚያ ሌሊት ዝናቡ ሳያባራ አካፋና ዶማ ይዛችሁ ለወጣችሁት የሰፈራችን ወጣቶች የምንለው ቃል የለንም። ቦዩን ባትከፍቱት ኖሮ ዋናው ዓምድ ራሱ አይተርፍም ነበር። የእድራችን አመራር ድንኳኑን አውጥቶ የወደቀውን ክፍል አለበሰልን፤ ለተስካርና ለለቅሶ የሚወጣ ድንኳን ለድንጋይ ሲወጣ ቅር ያላቸው አባላት እንደነበሩም ሰምተናል፤ እነርሱም ቢሆኑ በኋላ መዋጮውን ከፍለዋልና ምስጋናችን ለእነርሱም ነው። የወደቀውን ግንብ ያለ ክፍያ አይታ፣ ከግንቡ ጀርባ ጠጠር እንዲሞላና ውኃ ማሾለኪያ ቧንቧ እንዲቀበር የመከረችን መሐንዲስ ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃናለች፤ ጥያቄዋን አክብረናል። ለሠራተኞቹ በየቀኑ እንጀራና ሽሮ ያበሰሉ እናቶችም ከሥራው ግማሹን ሠርተዋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለ አዲሱ የስም ሰሌዳ ግን ጠቅልለን ማለፍ አንፈልግም። በአሮጌው ሰሌዳ ላይ ፊደሎቹ በስሱ ተቀርጸው በቀለም የተሞሉ ስለነበሩ፣ በየዓመቱ ፀሐይና ዝናብ ቀለሙን ሲያነሣው ስሞቹ ይደበዝዙ ነበር። ድንጋይ ጠራቢያችን የተሰነጠቀውን በማጣበቂያ ማያያዝ ከሁለት ክረምት አያልፍም ብሎ በግልጽ ነገረን፤ በምትኩም ጥቁር ድንጋይ መርጦ ፊደሎቹን በመሮ ጠለቅ አድርጎ ሊቀርጽ ተስማማ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የስሞቹ ዝርዝር በትልቅ ወረቀት ታትሞ በእድሩ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ መጥቶ የአባቱን ስም ከነአያቱ አንብቦ በአጠገቡ ፈረመ። ኃይለ በየትኛው «ኃ» ይጻፍ፣ «ገብረ» ይጠር ወይስ በሙሉ ይጻፍ የሚለው ክርክር ሳይቀር በዘማቹ የስንብት ወረቀት ላይ ባለው አጻጻፍ እየተዳኘ አለቀ። አንዲት እናት፣ «ባሌ ሃምሳ አለቃ እንጂ አሥር አለቃ አልነበረም» ብለው ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ ከወንበራቸው አልነሣ አሉ፤ ወረቀቱ ከኮተቤ ከልጃቸው ቤት ሲመጣ ትክክለኛዋ እርሳቸው ሆነው ተገኙ። ጠራቢው ያን ሁሉ ጊዜ መሮውን አስቀምጦ በትዕግሥት ስለጠበቀን፣ የጠበቀበትንም ቀን ሳያስከፍለን ስለቀረ ልዩ ምስጋና ይገባዋል።

አሁን ለማለት የምንፈልገው ዋና ነገር ስለ እንክብካቤው ነው። ለግንባታ ገንዘብ መጠየቅ ይቀላል፤ ሰጪው የሰጠውን ቆሞ ያየዋል፣ በምረቃውም ቀን ይጨበጨብለታል። ለመጥረጊያ፣ ለዘበኛ ደመወዝና ለቦይ ጠረጋ የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው፤ መታሰቢያን የሚያፈርሰው ደግሞ በአብዛኛው የዚህ መጓደል ነው። ስለዚህ ከሁሉ አብልጠን የምናመሰግነው በየወሩ አነስተኛ ገንዘብ ለመንከባከቢያው ለማዋጣት ቃል የገባችሁትንና ቃላችሁን ያላጠፋችሁትን ነው። በእናንተ መዋጮ ቦዩ ሰኔ ሳይገባ ይጠረጋል፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም፣ የበቀለው የድንጋይ ሽበት በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ያለው ስሚንቶ እየታየ የለቀቀው ይሞላል፤ በኮብልስቶኑ መካከል የሚበቅለው አረም ይነቀላል፤ ወደ መሠረቱ የሚጠጋው የባሕር ዛፍ ሥር ይቆረጣል። በዚህ አጋጣሚ፣ በቅንነት ተነሣሥታችሁ በአሲድ ልታጥቡልን የምትመጡ ወዳጆች እባካችሁ እንዳታደርጉት፤ የተረፈውን የእብነ በረድ ወለል አሲድ ይበላዋል።

ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ማወቅ መብታችሁ ነው። ማኅበራችን በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሚሠራ በመሆኑ በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ያቀርባል፤ የአስተዳደር ወጪውም ሕጉ ከፈቀደው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ቦርዱ ያለ ክፍያ ስለሚያገለግል ከዚያ በታች መሆን አላስቸገረንም። የጥገናው ገቢና ወጪ ዝርዝር በእድሩ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ በውጭ አገር ያላችሁ ልጆቻችን ስትጠይቁ በስልክ እንልክላችኋለን።

በመጨረሻም በማኅበሩ የባንክ ሒሳብና በቴሌብር ገንዘብ አስገብታችሁ ስማችሁን ያልገለጻችሁ ወገኖች አላችሁ። እናንተን በስም ማመስገን ባንችልም የላካችሁት ሁሉ ተመዝግቧል፤ የላካችሁበትን መልእክት ይዛችሁ ስትመጡ ደረሰኛችሁ ተጽፎ ይጠብቃችኋል። ጽሕፈት ቤቱ ዘወትር ቅዳሜ ከጧት እስከ ቀትር ክፍት ነው።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ቦርድ