ዱቄታችንን ማግኔት ለምን ይስበዋል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን በስልክም በአካልም ብዙ ወቀሳ ደርሶናል። ጋሼ ብዬ የምጠራቸው አንድ የቆዩ ደንበኛ ሱቃቸው ጠርተውኝ፣ ከእኛ የገዙትን ግራፋይት፣ ያንን ቁልፍ የሚያለሰልስ ጥቁር ዱቄት፣ ነጭ ወረቀት ላይ በተኑት። ከሥር ማግኔት ሲያስጠጉ ዱቄቱ እንደ ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆመ። «አንተ ልጅ፣ የብረት ብናኝ ነው እንዴ የምትሸጥልኝ?» አሉኝ። ሠራተኞቻቸው ቆመው እያዩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ውስጤ ተነካ።

ብረት አለበት። አልክድም። ግን ኪሎ ለመሙላት የገባ አይደለም። ግራፋይቱን የሠራው እሱ ነው።

በ2003 ሥራውን የጀመርነው መርካቶ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ነው። ከውጭ የሚመጣ ግራፋይት እየመዘንን ለቁልፍ ሠሪዎችና ለድስት አቅላጮች እንሸጥ ነበር። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥና ዶላር ሽቅብ ሲወጣ፣ ያ ዕቃ ከእኛም ከእናንተም አቅም በላይ ሆነ። ወይ ሱቁን መዝጋት፣ ወይ ራሳችን መሥራት ነበር። ብዙ ሌሊት ካሰብኩ በኋላ መሥራቱን መረጥኩ።

ከሰልም ግራፋይትም ካርቦን ናቸው። ልዩነቱ አደራደሩ ላይ ነው። ግራፋይት ሌማት ላይ እንደተነባበረ እንጀራ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ቁልፍ የሚያለሰልሰውም ለዚህ ነው። ከሰል ግን ፍርፍር ነው፤ ቁርጥራጩ በየአቅጣጫው ተያይዞ ደርቋል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች፣ አሜሪካዊው አቺሰን በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀመረው መንገድ፣ ካርቦንን ወደ 3,000 ዲግሪ ያግላሉ። የእኛ ፎርኖ 1,100 ላይ ያበቃል። ሙቀቱ ቢኖረንም አይበቃንም ነበር። እንግሊዛዊቷ ኬሚስት ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በ1951 እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው፣ እስከ 3,000 ዲግሪ ቢያግሉትም በቅጡ ግራፋይት የማይሆን ካርቦን አለ። የእንጨት ከሰል ከዚያ ወገን ነው።

ስለዚህ ብረት ያስፈልገናል። ከአናጢዎች የምንሰበስበውን ሰጋቱራ የብረት ጨው በሟሟበት ውሃ እንዘፈዝፋለን። እናደርቀዋለን። ከዚያ አየር በማያስገባ ዕቃ ከድነን ወደ 1,000 ዲግሪ እናግለዋለን። ሰጋቱራው ከሰል ይሆናል፤ ጨዉ ደግሞ መጀመሪያ ኦክሳይድ፣ ማለትም ኦክስጅን የያዘ ብረት፣ ይሆናል፤ ከሰሉ ኦክስጅኑን ሲነጥቀው በዓይን የማይታዩ የብረት ቅንጣቶች ይቀራሉ። እነዚህ ቅንጣቶች ፍርፍሩን ወደ ውስጣቸው ያሟሙታል፤ መልሰው ሊጥ እንደማድረግ በሉት። ካርቦን በግራፋይት መልክ ይበልጥ ስለሚረጋጋ፣ ከብረቱ ሲወጣ ተደርድሮ ነው የሚወጣው። ብረቱ ሥራውን ጨርሶም አያልቅም። ካታሊስት የሚባለው ለዚህ ነው። በመጨረሻ የሠራው ግራፋይት ዙሪያውን ይሸፍነውና እዚያው ውስጥ ይቀራል። ማግኔታችሁ ያገኘው እሱን ነው።

«በኒኬል ለምን አትሠራውም?» ያላችሁኝ አላችሁ። ኒኬልም ኮባልትም ይህን ሥራ ይችላሉ። ግን ከብረት እጅግ ይወደዳሉ። የኒኬል ብናኝ ደግሞ የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ሠራተኞቼ ያንን ሲተነፍሱ ቆሜ አላይም።

አሁን ዱቄቱን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማጠብ ጀምረናል። አሲዱ የደረሰበትን ብረት ያሟሟል፤ ግራፋይት የሸፈነውን ግን አያገኘውም። ስለዚህ ማግኔት አሁንም ትንሽ ይስበዋል። አሲዱ ከውጭ የሚመጣ ነው። ማጠቡ ሁለት ቀን ይጨምራል። የታጠበበትንም ውሃ አሲድነቱን በኖራ ሳናጠፋ አንደፋም። የመብራት ታሪፍም ከ2017 ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ዋጋው የጨመረውና ዕቃው የዘገየው በዚህ ነው እንጂ ትርፍ አምሮን አይደለም።

ዕቃው መቀየሩን አስቀድመን ልንነግራችሁ ይገባ ነበር። አልነገርናችሁም። ይቅርታ።

ዱቄቱ ለቁልፍ፣ ለበር ማጠፊያና ለሞልድ (ለቅርጽ ማውጫ) ይሆናል። ለባትሪ ሙከራ የምትፈልጉት ግን ይህን አትግዙ፤ ብረትም ያልተለወጠ ከሰልም አለበት።

ቅር ያላችሁ ካላችሁ፣ ከረጢቱ የተከፈተም ቢሆን ተቀብለን ገንዘባችሁን እንመልሳለን። ብቻ ከመመለሳችሁ በፊት ቆንጠር አድርጋችሁ በሁለት ጣት እሹት። የብረት ብናኝ ይቧጭራል፤ የእኛ ይንሸራተታል። ጋሼም ያን ቀን አሹት። ምንም ሳይሉ ጣታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩ። እስካሁን ግን አልደወሉልኝም።

ፎርኖውን የምንከፍተው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ኑና እዩ፤ ማግኔታችሁንም ይዛችሁ ኑ። ቡና ይፈላል።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ባለቤት