ከበረዶው ሥር ለሚተኙት

እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ባለፈው በስልክ «በዚያ በረዶ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር ይኖራል እንዴ?» ስትዪኝ መስመሩ ተቆረጠ። ሳልመልስልሽ ቀረሁ።

ይኖራል እማዬ። እኔ በምሠራበት በሆታም ተራራ ላይ ድንጋይ በድንጋይ የሆኑ ቁልቁለቶች አሉ። በድንጋዮቹ መሀል ድንክዬ ፖሰም የምትባል ፍጥረት ትኖራለች። የአይጥ ያህል ናት፤ 45 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው። ግን አይጥ አይደለችም። ልጆቿን እንደ ካንጋሮ ሆዷ ላይ ባለ ከረጢት ነው የምታሳድገው። ከአውስትራሊያ ከፍተኛ ተራሮች በቀር የትም አትገኝም። በፈረንጅ 1895 ገደማ አጥንቷ ተገኝቶ ስም ሲወጣላት፣ ድሮ የጠፋች ነበር የመሰላቸው። በ1966 እዚሁ ሆታም፣ በረዶ ለመንሸራተት የሚመጡ ሰዎች በሚያርፉበት ቤት ውስጥ በሕይወት ተገኘች።

ክረምቱ እዚህም በሰኔ ነው የሚገባው። እሷ ያኔ ለወራት ትተኛለች። ሰውነቷ እስከ 2 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል። በረዶው ከላይ እንደ ጋቢ ይሸፍናታል፤ በረዶው ሲሳሳ ነው ብርዱ የሚገባት።

ስትነቃ ምግብ ሆኖ የሚደርስላት ቦጎንግ የሚባል የእሳት እራት ነው። ከቆላው ሜዳ፣ አንዳንዱ እስከ 1000 ኪሎ ሜትር በርሮ መጥቶ እዚያው ድንጋይ ውስጥ ይሰፍራል። በፈረንጅ 2017 ግን ሜዳውን ድርቅ መታው። የእሳት እራቱ መጣ ለማለት አያስደፍርም። እናቶቹ የሚበሉት አጡ፤ ብዙ ልጆች እዚያው ከረጢት ውስጥ እንዳሉ አለቁ። ይህን ስሰማ አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ። በ77ቱ ድርቅ ለእህቴ የምታጠቢያት ወተት ያጣሽበትን ጊዜ አንድ ማታ ብቻ ነው ያወራሽን። ከዚያ ወዲህ አንስተሽው አታውቂም።

ደግሞ መንገድ ሲሠራ ወንዶቹ ፖሰሞች ወደ ሴቶቹ የሚወጡበት ድንጋይ ተቆረጠ። በኋላ፣ በፈረንጅ 1985፣ ከመንገዱ ሥር ድንጋይ የተሞላ መተላለፊያ ሠሩላቸው። ስሙን «የፍቅር ዋሻ» አሉት። ለ45 ግራም ነፍስ መንገድ የቆፈሩትን ሰዎች ወደድኳቸው።

የሆቴሉ ሥራ ሲያልቅ ሜልበርን እመለሳለሁ። በመስከረምና በጥቅምት በቪዲዮ ስትደውዪ ቤቱ ጨለማ ከሆነብሽ እንዳትደነግጪ። የእሳት እራቶቹ ወደ ተራራው የሚያልፉበት ወቅት ነው፤ መብራት ካዩ መንገዳቸውን ይስታሉ። ሻማ አብርቼ አዋራሻለሁ፣ መጋረጃውን ዘግቼ።

ልጅሽ