የፊዚክስ ክበብ ዘገባ፦ ኃይሉ ያለው ከመስመሩ ጉብጠት ላይ ነው

የፊዚክስ ክበብ ዘንድሮ ብዙ ርእስ አልነካካም። የያዘው አንድ ጥያቄ ነው፦ የቦታና ጊዜ ግራፍ ብቻ የተሰጠው ሰው፣ በሚንቀሳቀሰው ዕቃ ላይ ስለሚያርፈው ኃይል ምን ማለት ይችላል? ተዳፋቱ ፍጥነት መሆኑ በክፍል ይነገራል። ኃይሉን የሚያሳየው ግን የመስመሩ ጉብጠት ነው፣ ምክንያቱም መስመሩ የሚጎብጠው ፍጥነቱ ሲለወጥ ነው፣ ፍጥነትን የሚለውጠውም ኃይል ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራፍን እንደ ሥዕል የማየትን ልማድ ለማስለቀቅ ዋሉ። ወጥቶ የሚወርድ መስመር ያየ ተማሪ «ዳገት ወጥቶ ወረደ» ይላል፤ እንቅስቃሴው ግን በደልዳላ ሜዳ ሄዶ መመለስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሬት ላይ በየ1 ሜትሩ ምልክት ተደረገ፤ አንዱ በየ2 ሰከንዱ ሲያጨበጭብ ሌላው ወረቀት ላይ ያየውን ግራፍ በእግሩ ይራመደዋል። መስመሩ የጊዜውን አክሲስ ሲያቋርጥ ብዙዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እዚያ ቦታ ላይ ግን የሚያልፉት መነሻ ምልክቱን ነው፤ መቆም ያለባቸው መስመሩ አግድም ሲሆን ብቻ ነው።

ልኬቱ የተሠራው ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ በሚወርድ ባለ 0.5 ኪሎ ግራም ጋሪና በቲከር ታይመር፣ ማለትም ጋሪው በሚጎትተው የወረቀት ሪባን ላይ በእኩል ጊዜ ልዩነት ነጥብ በሚመታ መሣሪያ ነው። በ50 ኸርትዝ የሚሠራ ታይመር በሰከንድ 50 ነጥብ ስለሚመታ፣ 10 ክፍተት 0.2 ሰከንድ ነው። የሚቆጠረው ክፍተቱ እንጂ ነጥቡ አይደለም፤ 10 ነጥብ የቆጠረ ሰው የያዘው 9 ክፍተት፣ ማለትም 0.18 ሰከንድ ነው። ማስመሪያው ከመነሻው ነጥብ ሳይነሳ ሁሉም ርቀት በአንዴ ይነበባል፤ ክፍል በክፍል ከተለካ ስህተቱ ይደራረባል።

ከእረፍት የተነሳ ጋሪ በየ0.2 ሰከንዱ 2፣ 8፣ 18፣ 32፣ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ተገኘ እንበል። በየክፍሉ የተጓዘው 2፣ 6፣ 10፣ 14፣ 18 ይሆናል፤ ይህ ጋሊሊዮ በዘንባላ መንገድ ላይ ያገኘው የ1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 ንጽጽር ነው። ጭማሪው ሁልጊዜ 4 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 0.04 ለ0.2 ካሬ ሲካፈል ሽምጠቱ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) 1 ሜትር በሰከንድ ካሬ፣ ይህ በጋሪው 0.5 ኪሎ ግራም ሲባዛ የተጣራው ኃይል 0.5 ኒውተን ይወጣል። በ0.6ኛው ሰከንድ ያለውን ፍጥነት ለማግኘት ታካኪ መስመር (ግራፉን በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚነካ ቀጥታ መስመር) በዓይን ግምት መሳል አያስፈልግም፤ ሽምጠቱ ቋሚ ከሆነ ከግራና ከቀኝ ያሉትን ነጥቦች መውሰድ ይበቃል፦ 32 ሲቀነስ 8፣ ማለትም 0.24 ሜትር፣ ለ0.4 ሰከንድ ሲካፈል፣ 0.6 ሜትር በሰከንድ።

ውጤት የሚያበላሸው ዋናው ነገር ክፍተቱን ማጥበብ ነው። ነጥብ ሲበዛ ልኬት የሚጠራ ይመስላል፤ እዚህ ግን ተቃራኒው ይሆናል። እያንዳንዱ ንባብ በ1 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ ሦስት ንባብ የሚገባበት (መካከለኛው ሁለት ጊዜ) የጭማሪ ስሌት እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሊያዛባ ይችላል። በ0.2 ሰከንድ ጭማሪው 40 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስህተቱ ቢበዛ 10 በመቶ ነው፤ በ0.1 ሰከንድ ግን ጭማሪው 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን 40 በመቶ ይደርሳል። ጉብጠት የሚለካው ራቅ ራቅ ባሉ ነጥቦች ነው።

ጣውላው ትንሽ ዝቅ ተደርጎ የጋሪው ክብደት ወደታች የሚስበውና ሰበቃው ሲተካከሉ፣ ተገፍቶ የተለቀቀ ጋሪ እኩል የተራራቁ ነጥቦች ይተዋል። ጠንከር ብሎ ቢገፋ የመስመሩ ተዳፋት ይጨምራል እንጂ መስመሩ አይጎብጥም፤ ከእጅ ከወጣ በኋላ የተጣራው ኃይል ዜሮ ነው። ይህን ለማመን አባላቱ ሪባኑን ደጋግመው መለካት ነበረባቸው፤ ፈጣን ነገር ሁሉ ኃይል ያለበት መምሰሉ ቶሎ አይለቅም።

የዓመቱ ምርጥ ሥራ ጋሪውን ሽቅብ ገፍቶ ሲመለስ መቅረጽ ነበር። ሲመለስ ነጥቦቹ ስለሚደራረቡ ሪባን እዚህ አይሠራም፤ በሰከንድ 30 ምስል በሚቀርጽ ስልክ፣ ካሜራው ከጣውላው ጎን ቀጥ ብሎ ቆሞ ተቀረጸ። ሽቅቡ ፖዘቲቭ ሲባል ግራፉ የተደፋ ሳህን ይመስላል፤ ኃይሉ ኔጌቲቭ ነው ማለት ነው። ጫፉ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ቢሆንም መስመሩ እዚያም ጎባጣ ነው፤ ኃይሉ አልጠፋም። ግራፉ በደንብ ሲታይ ግራው ከቀኙ ይበልጥ ይጎብጣል፦ ሽቅብ ሲሄድ ሰበቃ ከስበት ጋር ያብራል፣ ሲወርድ ይቃወመዋል። ሽምጠቱ ሲወጣ 1.2፣ ሲወርድ 0.8 ከሆነ የልዩነቱ ግማሽ 0.2 ነው፤ በ0.5 ኪሎ ግራም ሲባዛ ሰበቃው 0.1 ኒውተን ይሆናል። ሰበቃን ያለ ኃይል መለኪያ፣ ከመስመር ቅርጽ ብቻ ማውጣት ይቻላል ማለት ነው።

ያልተጠናቀቀው የግጭት ግራፍ ነው። ጋሪው ከግድግዳ ሲነጥር መስመሩ ሹል ማዕዘን ያለው ይመስላል፤ ሹል ማዕዘን ግን ወሰን የሌለው ኃይል ስለሚጠይቅ፣ ጠጋ ተብሎ ቢታይ ክብ መሆን አለበት። ግጭቱ 0.1 ሰከንድ ቢፈጅ በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጸው ስልክ የሚይዘው 3 ምስል ብቻ ነው፤ በ240 ከተቀረጸ 24 ይሆናል። ሲሰላ መወሰድ ያለበት ቪዲዮው የተቀረጸበት ፍጥነት እንጂ ቀስ ብሎ የሚታይበት አይደለም።