ለልጄ፦ ስለ አትክልት መጻሕፍቱ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ እንደ ልማዱ ነው። ደብረ ብርሃን ግቢሽ ውስጥ ቲማቲምና ጎመን ልትተክይ መሆኑን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ። የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ ላልሽኝ ይኸው።

መጀመሪያ የጆን ጄቨንስን «ሃው ቱ ግሮው ሞር ቬጀተብልስ» ያዢ። በ1974 እ.ኤ.አ. ነው መጀመሪያ የታተመው። ወሬውን ከአፈር ይጀምራል፤ መደቡን እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ማላላት፣ ኮምፖስት ማብላላት፣ ችግኙን አቀራርቦ መትከል። ትንሽ ግቢ ላላት ሰው እንደዚህ የሚጠቅም አላየሁም። የኮምፖስቱን ክፍል ሁለቴ አንብቢው።

ሁለተኛው የኤሊየት ኮልማን «ፎር ሲዝን ሃርቨስት» ነው። ሰውዬው የሚያመርተው አሜሪካ፣ ሜይን በምትባል ብርዳም ግዛት ነው። በረዶ በሚጥልበት ወቅት፣ ያለ ምንም ማሞቂያ፣ ከላይ መስታወት በተከደነ ሳጥን ውስጥ ቆስጣና ሰላጣ ይሰበስባል። እኔን ቆላ ላለሁት ብዙ አይጠቅመኝም፤ አንቺ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነሽና ለአንቺ የተጻፈ ነው በይው።

ግን አደራ፣ ከፈረንጅ መጽሐፍ ምክንያቱን ውሰጂ፣ የመትከያ ወሩን ተይው። እነሱ የክረምቱ ውርጭ ሲያበቃ በጸደይ ትከሉ ይላሉ። የእኛ ውርጭ ደግሞ ዝናቡ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ነው የሚመጣው፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፤ ሌሊት ቅጠሉን አቃጥሎት ያድርና ቀን ፀሐዩ ይፋጃል። ስለዚህ ሳጥኑን ማታ ትከድኛለሽ፣ ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ትከፍቻለሽ። ረስተሽው ከዋልሽ ችግኙ ውስጡ ይቀቀላል። ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ቀይ ሥሩ ሜዳ ላይ ብርዱን ይችሉታል። ቲማቲሙ አይችልም፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል፣ እና እሱን ላስቲክ ቤት ውስጥ አድርጊው።

ስለ ዝርያ ከሆነ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልን የአትክልት መመሪያዎች ፈልጊ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤትም ጠይቂ። መልካሾላና መልካሳልሳ የሚባሉት የቲማቲም ዝርያዎች ከዚያ ነው የወጡት። ቲማቲሙን ስትተክይ በመስመርና በመስመር መሀል 1 ሜትር፣ በተክልና በተክል መሀል 30 ሴንቲ ሜትር። ቲማቲሙን ድንች ወይም ቃሪያ የነበረበት መደብ ላይ አትድገሚ፤ ዘመዳሞች ናቸው፣ በሽታቸውም አንድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሁለቱም መጻሕፍት ላይ አታገኚም፣ ቱታ አብሶሉታ የሚባለውን የቲማቲም ተባይ። አገራችን መግባቱ የታወቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፣ መጻሕፍቱ ደግሞ ከዚያ በፊት የተጻፉ ናቸው። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ቆዳ መሀል ገብቶ አረንጓዴውን ይበላዋል፤ ቅጠሉን ወደ ብርሃን ስታነሺው የነጣ፣ ወረቀት የመሰለ ቦታ ታያለሽ፣ ውስጡ ጥቋቁር ነጠብጣብ የመሰለ ኩስ አለ። ከዚያ ፍሬው ውስጥ ይገባል። በየጠዋቱ የቅጠሉን ጀርባ ሳይቀር እያገላበጥሽ እዪ። ካገኘሽ ቅጠሉን ቆርጠሽ አቃጥይው፣ ለእኔም ፎቶ ላኪልኝ።

መጻሕፍቱን ቅዳሜ በሚወጣው ሚኒባስ እልክልሻለሁ። የኮልማኑን ስትጨርሺ መሐል ሜዳ ላለው ወንድምሽ አድርሺው፤ መንዝም ብርዱ ያው ነው፣ እሱም ሰላጣ መትከል እፈልጋለሁ ብሎኛል።

አባትሽ