ስለ እንቁላል ቀለምና ስለ ትምህርት ቤታችን ዶሮዎች ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ በግቢያችን ስለምናረባቸው ዶሮዎችና ከእናንተ ስለምንፈልገው ትብብር

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ዘንድሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ዶሮ ማርባት እንጀምራለን። ሐሳቡን ያመጡት ልጆቻችሁ ናቸው። በስልክ የተዘዋወረ አንድ ቪዲዮ አይተዋል። አንዲት ሴት ከጓሮዋ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና የጠቆረ ቡናማ እንቁላል በአንድ ቅርጫት ስትለቅም ያሳያል። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ቀለም ተቀብቶ ነው" አለ፤ ግማሹ "የለም፣ እውነት ነው" አለ። የሳይንስ መምህራቸው ክርክሩን ወደ እኔ ይዘውት መጡ።

በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይም ነገሩ ተነሣ። አንዳንዶቻችሁ "እንዲህ ያሉትን ዶሮዎች አምጡና ልጆቹ ያርቧቸው" አላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ "ልጅ የምንልከው እንዲማር ነው ወይስ ዶሮ እንዲጠብቅ?" ብላችሁ ጠየቃችሁ። ሁለቱም ጥያቄ የሚገባ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ለልጆቹ ክርክር መልሱ "እውነት ነው" የሚለው ነው። ሰማያዊ እንቁላል የምትጥል ዶሮ አለች። በጣም የታወቀችው አራውካና ትባላለች። መነሻዋ ደቡብ አሜሪካ፣ ቺሊ ነው፤ የማፑቼ ሕዝብ ሲያረባት የኖረች ናት። ከቺሊ የተወሰዱ ዶሮዎች እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ደረሱና ሬጂናልድ ፑኔት የተባለ ሳይንቲስት አጠናቸው። በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰማያዊው ቀለም በአንድ ዘረመል እንደሚወረስ አሳየ። ዘረመሉ ከእናት ወይም ከአባት ከአንዳቸው ብቻ ቢመጣም ልጅቱ ሰማያዊ ትጥላለች። ሁለተኛ ደረጃ የደረሱ ልጆች ያሏችሁ ጠይቋቸው፤ በባዮሎጂ ትምህርት የሚሠሩበት የፑኔት ካሬ በዚሁ ሰው ስም የተሰየመ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎች ሥሩን አገኙት። በጥንት ጊዜ የአንድ ቫይረስ ቁራጭ በዶሮዋ ዘር ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ቀለሙን የሚያመጣው እሱ ነው። እኔ ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው የነበረውን ጸጥታ ብታዩት ለምን ይህን ሥራ እንደፈቀድኩ ይገባችሁ ነበር።

ቀለሙ እንዴት እንደሚገባም ጠይቀዋል። አንድ እንቁላል ዶሮዋ ውስጥ ተሠርቶ እስኪወጣ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ ቅርፊቱ የሚሠራበት ነው። ሰማያዊው ቀለም ቢሊቨርዲን ይባላል፤ ሐሞት ውስጥም የሚገኝ ቀለም ነው። ከቅርፊቱ ጋር አብሮ ስለሚሠራ ቅርፊቱ ከውስጥም ከውጭም ሰማያዊ ነው። ቡናማው ግን ፕሮቶፖርፊሪን የሚባል ሌላ ቀለም ነው፤ ደማችንን ቀይ ከሚያደርገው ነገር ጋር ዝምድና አለው። እሱ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ከላይ ነው የሚቀባው። ሰማያዊ ቅርፊት ላይ ይህ ቡናማ ሲጨመርበት አረንጓዴ ይሆናል። ዛሬ ማታ ቡናማ እንቁላል ከጠበሳችሁ ቅርፊቱን ለልጁ ስጡት። ውስጡ ነጭ መሆኑን በዓይኑ ያያል። ሙሉ እንቁላል በአቼቶ ውስጥ ቢያስቀምጥማ ቡናማው ከላይ ሲለቅ፣ ቅርፊቱም አረፋ እየደፈቀ ሲሟሟ ይመለከታል።

ታዲያ ሰማያዊ ጣዮቹን እናመጣለን? አናመጣም። ምክንያቱን በግልጽ ልንገራችሁ።

ሕያው ዶሮም ሆነ ለመፈልፈል የሚሆን እንቁላል ያለ እንስሳት ጤና ፈቃድ ከውጭ ማስገባት አይፈቀድም፤ መፈቀድም የለበትም። በሻንጣ የመጣ በሽታ የአንድ ሰፈር ዶሮ በሙሉ ሊጨርስ ይችላል። ደግሞም ጫጩት አይታችሁ የእንቁላሏን ቀለም ማወቅ አትችሉም። ቄብ ሆና መጣል እስክትጀምር አምስት፣ ስድስት ወር መጠበቅ አለባችሁ። ከሚፈለፈሉትም ግማሽ ያህሉ አውራ ዶሮ ነው። ስለዚህ ማንም በስልክ "ሰማያዊ የምትጥል ጫጩት አለኝ" ብሎ ብር ላኩ ቢላችሁ አትላኩ። "ሰማያዊ እንቁላል ኮሌስትሮል የለውም" የሚለው ወሬም እውነት አይደለም። የቅርፊት ቀለም ውስጡን አይለውጥም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛም ገበያ ይሠራል። ሐዋሳ ገበያ ስንወጣ ትንሽና ነጣ ያለ እንቁላል ስናይ "የሐበሻ ነው" እንላለን፤ ትልቅና ቡናማ ከሆነ "የፈረንጅ ነው" እንላለን። ብዙ ጊዜ ልክ ነን። ነገር ግን ሌግሆርን የምትባለው የውጭ ዶሮ ጥርት ያለ ነጭ ትጥላለች። ከሐበሻ ዶሮዎችም ቡናማ የምትጥል አትጠፋም። ሁላችንም የምንወደው የደመቀ ቢጫ አስኳል የሚመጣውም ከምትበላው ነው፤ ጎመን፣ ሣር፣ ቢጫ በቆሎ ስታገኝ ይደምቃል። ለልጁ እንቁላል የምትገዛ እናት በቅርፊት ቀለም ምክንያት ተጨማሪ ብር እንድትከፍል አልፈልግም። ይልቅ ትኩስ መሆኑን ትይ።

ልጆቹ ቀለም ለማየት ቺሊ መሄድ የለባቸውም። የሐበሻ ቄቦችን፣ እንዲሁም ቦቫንስ ብራውንና ኮኮክ የሚባሉትን የውጭ ዝርያዎች ወደ ግቢያችን እናስገባለን፤ ከተገኘ ከግብፅ የመጣችውን ፋዮሚንም እንጨምራለን። ከነጭ እስከ ክሬም፣ ከገለባ መልክ እስከ ደማቅ ቡናማ እናገኛለን። ነጠብጣብ ያለውም ይመጣል። በቁጥርም ልዩነቱን ያያሉ። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ገደማ ትጥላለች፤ የተወሰኑ ትጥልና መታቀፍ ትፈልጋለች። ቦቫንስ ጥሩ መኖና እንክብካቤ ካገኘች ከ300 በላይ ትጥላለች። ግን ጫጩት ማሳደጉን ለሐበሻዋ ተዉላት፤ ለዚያ እሷን የሚያህል የለም።

የልጆቹ ሥራ መመዝገብ ነው። ከዶሮዋ ጆሮ በታች ያለችው ትንሽ ሥጋ ነጭ ከሆነች እንቁላሉ ነጭ፣ ቀይ ከሆነች ቡናማ ይሆናል የሚባል የዶሮ አርቢዎች ልማድ አለ። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። አራውካና ራሷ ጆሮዋ ሥር ቀይ ሆና ሰማያዊ ትጥላለች። የእኛ ልጆች ይህን በሐዋሳ ዶሮዎች ላይ ይፈትኑታል። ቤታችሁ ዶሮ ካለ ልጃችሁ አንድ እንቁላል ይዞ ይምጣ። በወረቀት ላይ የእናቲቱን ላባ፣ ማለት ገብስማ ናት፣ ወሰራ ናት፣ ቀይ ናት የሚለውን፣ እንዲሁም የጆሮዋን ሥር መልክ ይጻፍ። አያቶችም ቢረዱት ደስ ይለናል። የዶሮ መልክ ስም አሳምረው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ቀለም ስለ እንቁላሉ ጥሩነት ባይነግረንም ስለ ዶሮዋ ጤና ይነግረናል። አንዲት ዶሮ ዕድሜዋን ሁሉ የምትጥለው አንድ ዓይነት ቀለም ነው። ቡናማዋ እያረጀች ስትሄድ ትንሽ ይፈዛል፤ ይህ የተለመደ ነው። ግን ትናንት ደማቅ የጣለች ዛሬ ድንገት የገረጣ፣ ስስ ወይም የተጣመመ ከጣለች አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነው። ደንግጣ ይሆናል፣ ሙቀት ይሆናል፣ የካልሲየም እጥረት ይሆናል። በሽታም ሊሆን ይችላል። ልጆቹ በየቀኑ መልኩን የሚመዘግቡት ለዚህም ጭምር ነው።

ከበሽታዎቹ ሁሉ የምፈራው ፈንግልን ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰኞ ደኅና የነበረ የዶሮ መንጋ በሳምንቱ ቆጡ ባዶ ይቀራል። ከያዛት በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ችግሩ ብልቃጡ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ሦስትና አራት ዶሮ ያላት እናት ለብቻዋ ብትገዛ አብዛኛው ይደፋል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሳያስከትብ የሚቀረው።

ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ዶሮዎች በሚከተቡበት ቀን በዙሪያችን ያላችሁ ቤተሰቦች ዶሮዎቻችሁን ይዛችሁ ኑ። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በማቀዝቀዣ ሣጥን ይዘውት ይመጣሉ። ዓይኗ ላይ አንድ ጠብታ ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ወጪውን እንካፈላለን፤ ዶሮ የበዛለት ትንሽ ይበልጥ ያዋጣል። በየሦስት ወሩ እንደግመዋለን። የታመመች ዶሮ ግን እንዳታመጡ አደራ። በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠውን ክትባት እቤታችሁ የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል።

ከገበያ የምትገዙትን አዲስ ዶሮም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዩ። በተለይ በበዓል ሰሞን፣ ዶሮ ከየአቅጣጫው ገበያ ሲገባ፣ በሽታውም አብሮ ይገባል። ሐይቁ ቅርባችን ስለሆነ ሌላም ነገር አለ። ሐዋሳ ላይ ወፍ ብርቅ አይደለም፤ አባ ኮዳው ከአሞራ ገደል ተነሥቶ የፈለገበት ጣራ ላይ ያርፋል። የዶሮ መኖና ውሃ ከላይ ክዳን ባለው ቦታ ይቀመጥ። እኛም ቤታቸውን በወንፊት ሽቦ እንዘጋዋለን። ለጭልፊትና ለሸለምጥማጥም ያው ሽቦ ይበቃል።

አውራ ዶሮ አናስገባም። ያለ እሱም ይጥላሉ፤ ጎረቤቶቻችንም በሌሊት አይነቁም። ለመፈልፈል ግን የትምህርት ቤቱ እንቁላል አይሆንም ማለት ነው። የገና ጾም ህዳር 15 ሲገባ እንቁላል በብዙ ቤት ይከማቻል። አውራ ዶሮ ያላችሁ ከዚያ ጥቂት ብታዋጡን አንዲት ታቃፊ ዶሮ እናስታቅፋለን። በ21 ቀን ይፈለፈላል። ልጆቹ በስልክ መብራት እንቁላሉን ወደ ብርሃን አድርገው ውስጡ ያለውን ሕይወት ያያሉ። ነጣ ያለው ቅርፊት ለዚህ ይመቻል፤ ጥቁር ቡናማው ብርሃን በደንብ አያሳልፍም።

የሚሰበሰበው እንቁላል ቁርስ ሳይበሉ ለሚመጡ ልጆች ይቀቀላል። እነማን እንደሆኑ መምህራኖቻቸው ያውቃሉ፤ በሌሎች ፊት አይጠሩም። የሚጾም ልጅ ካለ አንነካውም፤ ድርሻው ጾሙ ሲፈታ ይሰጠዋል። ይህን በቤታችሁ ሥርዓት መሠረት ንገሩን።

"ትምህርታቸው ይጎዳል" ለምትሉ፦ ማንም ልጅ ለዶሮ ሲል ክፍል አይቀርም። ጠዋት ከሰልፍ በፊትና በእረፍት ሰዓት ተራ ገብተው ይሠራሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ጥበቃችን ይመግቧቸዋል። ኩሱን ጉድጓድ ውስጥ ከቅጠል ጋር አብላልተን ለግቢው ጎመን እናደርገዋለን። ሽታ እንዳይኖር ወለሉ ላይ ገለባ ይነጠፋል፤ ሲረጥብ ይቀየራል። ከዶሮ ቤት የወጣ ልጅ ሁሉ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ክፍል አይገባም። ጫጩት መሳምም ክልክል ነው። እባካችሁ በቤትም እንዲሁ ያዟቸው፤ ለሆድ የሚተርፍ ጀርም የሚመጣው ከዚያ ነው። አስም ወይም የላባ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ አሳውቁን፤ ምዝገባውን ከውጭ ሆኖ ይሠራል።

ከቤት የሚመጣ ነገር ብዙ አንጠይቅም። የእህል ንፋሽ፣ የጎመን ቅጠል፣ ፉርሽካ የተረፋችሁ ላኩ። የሻገተ እህልና የሻገተ እንጀራ ግን በፍጹም አትላኩ፤ ዶሮን ይመርዛል። የእንቁላል ቅርፊት አጠራቅሙልን። ምጣድ ላይ ቆላ አድርገን፣ ፈጭተን ከመኖው ጋር እንቀላቅለዋለን፤ ለአዲሱ ቅርፊት የሚያስፈልጋት ካልሲየም ከዚያ ይገኛል። ሳትፈጩ እንዳለ ለዶሮ አትስጡ። ጣዕሙን ከለመደችው የራሷን እንቁላል መብላት ልትጀምር ትችላለች።

የፈቃድ ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ልጃችሁ በሥራው እንዲሳተፍ ፈቃዳችሁን፣ የጾምና የጤና ሁኔታውን፣ ቤታችሁ ስንት ዶሮ እንዳለና ለክትባት ታመጡ እንደሆነ ሞልታችሁ እስከ ዓርብ በልጁ እጅ ላኩልን። የዶሮዎቹን ቁጥር ካወቅን በኋላ የክትባቱን ቀን በክፍል ኃላፊ መምህራን በኩል እናሳውቃችኋለን። ሚስማርና ቆርቆሮ መምታት የምትችሉ አባቶችና እናቶች ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብትመጡ የዶሮ ቤቱን አብረን እንሠራለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ሐዋሳ