ማሽኑን ከመግዛታችን በፊት

ድሬዳዋ፣ መጋላ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

አሰላሙ አለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ ግን በርትቷል። እሳቱ ዳር ገና ስቆም ሸሚዜ በላብ ይርሳል።

የላክሽልኝን ፎቶ፣ ፒፕስ የምትባለውን የአሜሪካ ከረሜላ፣ ቢጫዋን ጫጩት፣ ከእናትሽ ጋር አየነው። ጀላቲኑ የአሳማ ስለሆነ አልቀመስኩም ማለትሽ ደስ አሰኝቶኛል። ታሪኩ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሳም ቦርን ከሩሲያ ተሰዶ አሜሪካ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1923 ብሩክሊን ውስጥ ትንሽ የከረሜላ ሱቅ ከፈተ። ጫጩቷን የሚሠራው የእሱ ኩባንያ፣ ጀስት ቦርን፣ ዛሬም ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም። ይሄን ሳነብ አያትሽ ትዝ አሉኝ። እሳቸውም ከየመን ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር ድሬ ሲገቡ የያዙት ሀብት የሀላዋ ሙያ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «ጫጩቷ በእጅ ስትሠራ 27 ሰዓት ትፈጅ ነበር፤ በማሽን 6 ደቂቃ ይበቃታል። እኛም እንግዛ» ብለሻል። ልክ ነሽ። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጀስት ቦርኖች ሮዳ የሚባለውን የከረሜላ ኩባንያ ሲገዙ፣ የሮዳ ሠራተኞች ጫጩቷን በእጃቸው አንድ በአንድ እየጨመቁ ነበር የሚሠሯት። የሳም ልጅ ቦብ ማሽኑን ያሰናዳው ከዚያ ወዲህ ነው። የእጁ ሥራ ከማሽኑ ቀድሞ ነበር።

የእኛስ ሀላዋ? ስኳሩ ይፈላል። በውሃ የተበጠበጠው ስታርች ይገባል። ከዚያ ወዲያ እጅ አያርፍም። ቅቤው ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። መጀመሪያ ቀጭን ነው፤ እየቆየ ይከብዳል፣ ማማሰያው ክንድሽን ይጎትተዋል። ከድስቱ ሲላቀቅና የጠጣውን ቅቤ መልሶ ሲተፋ ደርሷል ማለት ነው። ሄሉ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ይሄን ሁሉ ማንም ጽፎ አልሰጠኝም።

ወጣት ሳለሁ ለሰርግ የታዘዘ ሙሉ ድስት አሳረርኩ። ለአፍታ ዞር ብዬ ነበር። አያትሽ አልተቆጡኝም። ሌላ ስኳር አስገዙና ማማሰያውን መልሰው አስያዙኝ። እስኪነጋ አጠገቤ ቁጭ ብለው አደሩ። ሙሽሮቹ ሀላዋቸውን በሰዓቱ አገኙ።

ልጄ፣ እኔ ማሽን አልጠላም። ክንዴ ደክሟል፤ ማማሰሉን የሚያግዘኝ ነገር ቢመጣ በደስታ እቀበላለሁ። ግን ለዒድ ነይ። የዒዱን ትዕዛዝ ከመጀመሪያው ድስት እስከ መጨረሻው በራስሽ እጅ አማስዪ። እሳቱ መቼ እንደሚቀንስ፣ ቅቤው መቼ እንደሚበቃው ክንድሽ ይወቀው። ከዚያ ምን ዓይነት ማሽን እንደሚያስፈልገን አንቺው ንገሪኝ። የመረጥሽውን እንገዛለን፤ ገንዘቡን ማጠራቀም ጀምሬያለሁ።

ስትመጪ ሄል አትሸከሚ፣ እዚህ ትኩሱ አለ። እሳት የሚችል ወፍራም የእጅ ጓንት ግን ፈልጊ። በአንቺ ልክ ይሁን።

አባትሽ